ለጡረታ ዘመን ግብ ሲያወጡ ከወቅቱ ይነሡ

ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ላይ ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ወይም ቢሮ የዋለ ሰው በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ፣ ከገንዘቡ በፊት የሚጎድልበት ሰዓቱ ነው። ጠዋት ተነሥቶ ይለባብሳል፤ የሚጠብቀው ግን የለም። «አርፋለሁ» ማለቱ ለአንድ ሁለት ወር ደስ ይላል፤ በሦስተኛው ወር ዕረፍቱ ራሱ መክበድ ይጀምራል። «ንብ አነባለሁ፣ ግእዝ እማራለሁ፣ የአባቶቼን ታሪክ እጽፋለሁ» የሚለው የቆየ ምኞትም ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ይኖራል። ይህ ስንፍና አይደለም። ምኞቱ የሚሠራበት ወቅት አልተቆረጠለትም፣ ውጤቱን የሚጠብቅ ሰውም የለውም። ሁለቱ ሲሟሉ ነው ምኞት ግብ የሚሆነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። የሲቪል ሠራተኛ የጡረታ አበል ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ ሆኖ፣ ከዚያ በላይ ለተገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የሚሰላውም ከመጨረሻው ወር ደመወዝ ሳይሆን ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ የአማካዩን 55 በመቶ ያገኛል። ከመውጣትዎ በፊት ባሉት ስድስት ወራት በዚያ 55 በመቶ ብቻ ለመኖር ይሞክሩ። ከቻሉ ቀሪው የግቡ መነሻ ገንዘብ ይሆናል፤ ካልቻሉም እውነቱን ደመወዙ ሳይቋረጥ ማወቅዎ ትልቅ ነገር ነው። ለሚወዱት ሥራ ብሎ ብድር መግባት ግን ፍቅሩን ዕዳ ያደርገዋል፤ ፈጽሞ አይመከርም።

ለጎጃም ጡረተኛ ንብ የሚስማማው በብዙ ምክንያት ነው። ሰፊ መሬት አይጠይቅም፣ በየቀኑ አያስሮጥም፣ ወቅቱንም ራሱ ያዛል። ክረምቱ አልፎ አደይ ሲፈነዳና ኑጉ ሲያብብ ንቡ ሥራ ላይ ነው። ግራዋ፣ ብሳና፣ ዋንዛና ባህር ዛፍም በየተራቸው ይቀልቡታል።

በሁለት ቀፎ ይጀምሩ፤ በአንድም በአሥርም አይሁን። አንድ ብቻ ከሆነ ንቡ ሲደክም ከምን ጋር እንደሚያነጻጽሩት አያውቁም፤ ጥሎ ከሄደም ሁሉም ነገር ያበቃል። አሥር ከሆነ ደግሞ አንዱን እንኳ በወጉ ሳያውቁት ሥራው ይጥልዎታል። ለጀማሪ የሚሻለው የሽግግር ቀፎ ነው፤ ይህም ንቡ እንጀራውን በላዩ በተደረደሩ እንጨቶች ላይ የሚያንጠለጥልበት ሣጥን ነው። ባለ ፍሬሙ ዘመናዊ ቀፎ ብዙ ማር ይሰጣል፤ ነገር ግን የታተመ ሰም (የእንጀራ ቅርጽ የተጫነበት የሰም ገጽ) እና የማር ማውጫ መሣሪያ ይፈልጋል። የሽግግሩን የሠፈር አናጺ ይሠራዋል። አናጺው አንድ ነገር እንዳይሳሳት ግን አጠገቡ ይቁሙ፦ በላዩ የሚደረደሩት እንጨቶች ወርዳቸው 3.2 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። የእኛ ንብ ከአንዱ የማር እንጀራ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል የሚይዘው ርቀት ይኸው ነው። እንጨቱ 4 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ንቡ እንጀራውን አግድም ይሠራዋል፤ ያን ጊዜ አንዱን ሳይሰብሩ ሌላውን ማውጣት አይቻልም። አንድ ቀፎ ከ27 እስከ 30 እንጨት ይይዛል። ብዙ ጀማሪ ንብ ማነብ የሚያስጠላው በዚህች ስሕተት ነው፤ ጥፋቱን ግን በንቡ ላይ ያሳብባል።

ቀፎውን በግንቦት ያዝዙ፣ በነሐሴ መጨረሻ ቦታ ያሲዙት። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፣ ነፋስ አይምታው፣ መግቢያው የጠዋት ፀሐይ ይይ። ከመንገድ፣ ከከብት ማሰሪያና ልጆች ከሚጫወቱበት ይራቅ፤ የአገራችን ንብ ቁጡ ነው። የመቆሚያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት በያዘ ጣሳ ውስጥ ያቁሙ፣ ዙሪያውን ሣር ይጨዱ፤ አለዚያ ጉንዳን በአንድ ሌሊት ቀፎውን ባዶ ያደርገዋል። ውስጡን ንጹሕ ሰም ቀብተው ያጥኑት። መስከረምና ጥቅምት መንጋው ተሰድዶ አዲስ ቤት የሚፈልግበት ጊዜ ስለሆነ ራሱ ሊገባ ይችላል። ካልገባም ከአናቢ ጎረቤት መንጋ ገዝቶ በምሽት ማዛወር ነው።

በመጀመሪያው ኅዳር ማር አይጠብቁ። በመስከረም የገባ መንጋ ጉልበቱን እንጀራ በመሥራት ይጨርሰዋል፤ የሰበሰባትንም ለራሱ ይፈልጋታል። ስለዚህ ግቡ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦ «በሚመጣው ሳይሆን በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ከሁለት ቀፎ ማር ቆርጬ፣ ግማሹን ባሕር ዳር ላሉት ልጆች እልካለሁ።» ቀን አለው፣ የሚለካ ነገር አለው፣ የሚጠብቀውም ሰው አለ። ሲቆርጡ በምሽት በደረቅ ኩበት ጭስ ይሁን፤ ላስቲክ አይጭሱበት። ሦስት አራተኛው በሰም ያልተከደነ እንጀራ አይቆረጥም፤ ውኃው ስላልደረቀ ማሩ ይቦካል። እጭ ያለበትን አይንኩ። ለክረምት የሚበቃውን ያህል እንጀራም ይተዉለት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስንቁ ካለቀ አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውኃ አሟምቶ መስጠት፣ አጠገቡም ትንሽ በሶ ወይም ሹሮ ማስቀመጥ ያድነዋል።

ሁለት ነገር በጣም ያሳስባል። አንደኛው የአረምና የተባይ መድኃኒት ነው። አበባ ላይ በቀን ከተረጨ ንቡ ሜዳ ላይ ይረግፋል። ከአጎራባች ገበሬዎች ጋር ቡና አፍልቶ ቀድሞ መነጋገርና ርጭቱ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንዲሆን መስማማት ያስፈልጋል። ሁለተኛው የራስዎ ጤና ነው። ሲነደፉ ከተነደፉበት ቦታ አልፎ ሰውነትዎ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ንቡ ይቅርብዎት። የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ አንዳንዱ መድኃኒት በንድፊያ የሚመጣውን አደገኛ የሰውነት ምላሽ ለማከም ያስቸግራል።

ጉልበት ለማይፈቅድለት፣ ወይም ልቡ ወደ ቀለም ለሚያደላ፣ ግእዝ አለ። ስመ ጥሮቹን የቅኔ ቤቶች ዋሸራንና ጎንጅን ያፈራ አገር ተቀምጦ ግእዝን ሳያውቁ ማርጀት ያሳዝናል። የሚሳሳቱት «ቅኔ እማራለሁ» ብለው ከላይ ሲጀምሩ ነው። ቅደም ተከተሉ ንባብ፣ ግስ፣ ከዚያ ቅኔ ነው። በንባብ የቃላትን አጣጣል፣ ማለትም ተነሽን፣ ወዳቂን፣ ሰያፍንና ተጣይን መለየት ለብዙ ሰው ሦስት ወር ያህል ይወስዳል። ግሱን ሌላው ግስ በእነሱ አምሳያ ከሚረባባቸው ከስምንቱ አርእስት፣ ከቀተለ፣ ከቀደሰ፣ ከተንበለ፣ ከባረከ፣ ከማሕረከ፣ ከሴሰየ፣ ከክህለና ከጦመረ ይነሡ። በቀን አምስት ግስ፣ በሳምንት አምስት ቀን ቢያዝ በ40 ሳምንት 1,000 ግስ ይሆናል። በዚህ ዕድሜ ዓይን ብቻ ያየው፣ ጆሮ ያልሰማው ቶሎ ይረሳል፤ ስለዚህ ድምፅ አውጥተው ይበሉት፣ የትናንቱን ሳይደግሙ አዲስ አይጨምሩ። ከዓመት በኋላ ግቡ ሁለት ቤት (ስንኝ) ያላት አጭር ቅኔ፣ አንዲት ጉባኤ ቃና ይሁን፤ ስምንት ቤት ያለውን ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ ለሌላ ዓመት ያቆዩት። ቅኔውን የሚሰማና የሚያርም መምህር ያስፈልጋል። ነገራ የሌለው፣ ማለትም ለመምህር ተነግሮ ያልታረመ ቅኔ፣ ሰምና ወርቁ መላላቱን ባለቤቱ አያየውም። ከደብሩ የቅኔ መምህር ጋር በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ይስማሙ፣ ባዶ እጅዎንም አይሂዱ።

የቤተሰብና የቀበሌ ታሪክ መሰብሰብም መልካም ነው፤ እሱ ግን ከሁሉ በፊት ይቅደም፣ ተናጋሪዎቹ እያለፉ ነውና። ስልክዎ ድምፅ ይቀዳል፤ ከ40 ደቂቃ በላይ ግን ሽማግሌ አያድክሙ። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ መልስ አያመጣም። «ከ1960ው የግብር እምቢታ በፊት ነው በኋላ? ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ነው?» ሲባል ግን ይታወሳል። በዚያው ሳምንት ወደ ጽሑፍ ካልገለበጡት ሠላሳ ቅጂ ይከማችና ማን ምን እንዳለ ይጠፋል።

ግቡን የሚበላው ብዙ ጊዜ የገንዘብ እጥረት አይደለም። ጡረተኛ «ሥራ የለውም» ተብሎ ዕድሩም፣ ሽምግልናውም፣ የዘመድ ጉዳይ ማስፈጸሙም በእሱ ላይ ይወድቃል። ለቅሶ አይቀርም፤ ወግ ነው። ሌላው ግን ቀን ይኑረው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የግቡ ይሁኑ፣ ቤተሰብም ጎረቤትም ይወቃቸው። በጎጃም ገጠር በ12፣ በ21፣ በ27 እና በሌሎቹ በዓላት የእጅ ሥራ ስለማይሠራ እነዚያ ቀናት ለግስና ለጽሑፍ ያገለግላሉ። ግቡ ከቤት በእግር የሚደረስ ቢሆንም ይመረጣል፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የሚቆም ሥራ ዓመቱን አይዘልቅም።

አንድ የልጅ ደብተር ይግዙና ቀኑን እየጻፉ ይያዙ፦ ቀፎ ያዩበትን፣ የያዙትን ግስ ብዛት፣ የቀዱትን ሰው። ጳጉሜን ሲገባ ከእንቁጣጣሽ በፊት ያሉትን ቀናት ደብተሩን ለመመርመር ይተዉ። ደብተሩን ከሚጠብቅዎ ሰው ጋር ሆነው ይግለጡ፤ ሦስት ወር ያልተጻፈበትን ግብ ይሰርዙ፣ የቀረውን ለመስከረም በአዲስ ገጽ ይጻፉ።