ሹፌሩ ዳኛ ነው እንዴ?

ለአካል ጉዳተኛ ሥራ ፈጣሪዎች የሰጠነው ሥልጠና የመጨረሻ ቀን ነው። ቢዝነስ ፕላኑ፣ የሒሳብ አያያዙ፣ የብድሩ ነገር ሁሉ አልቋል። የቀረው አበል ነው። ለአበል ደግሞ የሚያረፍድ ሠልጣኝ የለም።

ተራው የደረሰው ልጅ ዓይነ ስውር ነው፤ በሕግ ተመርቋል። አዋጅ 568/2000 አካል ጉዳተኛ በቅጥር አድልዎ አይደረግበትም ይላል። እሱ ግን የሥራ ማስታወቂያ ሲያሳድድ ከርሞ ሰለቸውና ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ መጻፊያ ቤት ከፈተ። ላፕቶፑ ያነብለታል፣ እሱ ይጽፋል። ደንበኛ አያጣም።

ገንዘብ ያዣችን ቅጹን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«የኔ ልጅ፣ ምስክር ያስፈልግሃል።»

«ለምን ጋሼ? ፊርማ አለኝ እኮ።»

«ሕጉ ነው። ለአንተው ብለን ነው።»

ይህቺን «ለአንተው ብለን ነው» አልወዳትም። ሠልጣኞቹ ባንክ ቤትም የገዛ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ሲሄዱ ይቺኑ እንደሚባሉ ሳምንቱን ሙሉ ሲነግሩን ነበር። ጋሼ ግን መልስ ሳይጠብቁ ኮሪደር ላይ የቆመውን ሹፌር ጠሩ።

ልጁ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ የሚሉት የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1728 ይመስለኛል፤ የ1952ቱን። እሱ የሚያወራው ስለ ውል ነው። ይሁን፣ አበልም ውል ነው እንበል። የዓይነ ስውር ፊርማ የሚያስገድደው ውል አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ሲያረጋግጠው ነው ይላል። ሹፌሩ ከሦስቱ የትኛው ነው?»

ሹፌሩ ከጋሼ ቀድሞ መለሰ። «ኧረ እኔ ምንም አይደለሁም!»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ አልሳቁም። ስንት ኦዲት ያለፉ ሰው ናቸው፣ በአንቀጽ አይደነግጡም። «እሱን ለኦዲተር ንገረው» አሉና እስኪርቢቶውን ለሹፌሩ አቀበሉት። ሹፌሩ እየተሳቀቀ ሞነጫጨረ። ልጁ ከሥሩ ፈረመ። እውነት ለመናገር የእሱ ፊርማ ይሻላል።

በሪፖርታችን ላይ «የፋይናንስ አካታችነት ግንዛቤ ተፈጥሯል» ተብሎ ተጻፈ። ለማን እንደተፈጠረ አልተገለጸም።

ለቀጣዩ ዙር በጀት ስናዘጋጅ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው ከሙሉ ቀን ወደ ግማሽ ቀን ወረደ፤ ብር የለም ተባለ። ከሥሩ ግን አዲስ ወጪ ገብቷል፤ «ለምስክሮች ሻይ ቡና»። እሱን ማንም ሳይነካው አለፈ።