ለወንዙ 30 ሜትር ሰጠሁት

የመጀመሪያው የመሬት አጠቃቀም ፕላኔ ሲያዩት ያምር ነበር። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው መናፈሻ። ከተማው በአንድ በኩል እየሰፋ ስለነበር አዲሱን ሰፈር እዚያው ሜዳ ላይ አደረግኩት። ወንዙንም አልረሳሁትም። ግራና ቀኝ 30 ሜትር ለቅቄ አረንጓዴ ቀባሁት። ስንት ጊዜ ፈጀብኝ መሰላችሁ? ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቁልፍ መጫን ነው፣ አለቀ።

ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ቦታውን በእግሬ ላየው ወጣሁ። (መጀመሪያ መደረግ የነበረበት እሱ ነበር።) ከወንዙ ራቅ ብለው የሚኖሩ አንዲት እናት በራቸው ላይ አገኘሁና ጎርፍ እዚህ ድረስ ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ጓዳ ይዘውኝ ገቡ። ግድግዳው ላይ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ቡናማ መስመር አለ። ከሱ በላይ ቀለሙ ደህና ነው፣ ከሱ በታች ተልጧል። "ሁለቴ ቀብተነዋል ልጄ፣ ተመልሶ ይወጣል" አሉኝ። ከቤታቸው እስከ ወንዙ ለካሁ። 140 ሜትር።

ማዶ ደግሞ ዳገት ነው። ውሃው 10 ሜትር እንኳን አይወጣም። እኔ ለሁለቱም እኩል 30 ሰጥቻለሁ። በአንዱ በኩል ሰው ጎርፍ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ በሌላው በኩል ደረቅ መሬት በከንቱ ከልክያለሁ።

ቢሮ ተመልሼ ሥራውን ገልብጬ ጀመርኩ። ቤት የት ይሠራ ሳይሆን የት አይሠራ ከሚለው ተነሳሁ። በከፍታ መረጃው ውሃው ከየት ወዴት እንደሚወርድ አየሁ። ነዋሪው "እዚህ ደርሶ ነበር" ያለውን ነጥብ ሁሉ ካርታው ላይ አስገባሁ። ረግረጉንና ገደላማውን አወጣሁ። ለግንባታ የሆነው የቀረው ነው።

ያስደነገጠኝ ሒሳቡ ነው። 1 ሄክታር መሬት ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 500 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። መሬቱ ሣር ከሆነ በግምት 100ው ይፈሳል፣ ሌላው ይሰርጋል። ጣሪያና አስፋልት ከሆነ ግን 450 ገደማ ይፈሳል። ሜዳውን ሰፈር ሳደርገው ጎርፉን የምሠራው እኔ ራሴ ነበርኩ ማለት ነው። ተቀባይዋ ደግሞ ከታች ያሉት እኚያ እናት። በዚያ ላይ አየሩ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። የድሮ የዝናብ መዝገብ ብቻ ይዞ የጎርፍ ማፍሰሻ ቱቦ ስፋት መወሰን አያስተማምንም።

"የ100 ዓመት ጎርፍ" የሚለው ቃል ደግሞ ስብሰባ ላይ ጉድ ሠራኝ። "ያኔ ማን አለና?" አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቀ። ቃሉ በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። 30 ዓመት በሚኖሩበት ቤት ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ይደርሳል። ይህን ስነግራቸው ሳቁ ቆመ። አሁን የምናገረው ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ ነው።

ለውሃው ማረፊያ ከኔዘርላንድሷ ከተማ ከሮተርዳም ሐሳብ ወሰድኩ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው የቤንተምፕላይን አደባባይ በደረቅ ቀን ኳስ ይጫወቱበታል፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃ ያጠራቅማል። እኔም ዝቅ ያለውን ቦታ ለውሃ ለየሁ። ችካል ተክለን ሄድን።

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነበር። ካርታው ላይ አረንጓዴ የሆነው መሬት ላይ ሲታይ ባለቤት የሌለው ባዶ ቦታ ነው። ዓመት ሳይሞላ ግማሹ የግንባታ ፍርስራሽ መድፊያ ሆነ። ጥጉ ላይ የቆርቆሮ ቤቶች ቆሙ። በሰዎቹ መፍረድ ይከብዳል፤ አቅማቸው የሚችለው ትንሽ ቦታ ፕላኔ ውስጥ የትም አልነበረም።

በሁለተኛው ዙር ከፍ ያለው ላይ ትንንሽ ቦታዎች ሸንሽነን የቆርቆሮ ቤቶቹን ሰዎች አስቀደምን። ዝቅ ያለውን ግማሹን ለችግኝ ማፍያ፣ ግማሹን ለሰፈሩ ልጆች ኳስ ሜዳ ሰጠን። ጎል ከተተከለ ወዲህ ፍርስራሽ ሊደፋ የመጣን መኪና ልጆቹ ራሳቸው ይመልሱታል።

በቅርቡ ከባድ ዝናብ ጥሎ ሜዳው ሁለት ቀን ኩሬ ሆኖ ዋለ። ልጆቹ ጨዋታ ቀረብን ብለው ደወሉልኝ፣ ተናደዋል። እኔ እናትየው ቤት ሄድኩ። ጓዳውን ለሦስተኛ ጊዜ ቀብተውታል። ቀለሙ እስካሁን ደህና ነው።