የአባባ ግራ ቦቲ

አባባ የወገብ ዲስክ ኦፕራሲዮን ከተደረጉ ሰባት ወር ሆኗቸው ነበር። ወደ እግራቸው ይወርድ የነበረው ሕመም ጠፍቷል። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ስደርስ ግን ባናቸውን ደርበው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። የግራ ቦቲያቸው አልገባ ብሏል። እግራቸው ከጭን እስከ ቁርጭምጭሚት አብጧል። እስከ በረት ለመሄድ እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

«የመንዝ ብርድ ነው» አሉኝ። እናቴ ቅቤ ታሻቸዋለች። መጀመሪያ ያያቸው ሐኪም ልብ ነው ብሎ የሚያሸና ኪኒን አዘዘ። ልባቸው በእርግጥ ደክሞ ነበር። ለምን ደከመ ያለ ግን የለም።

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ሸሚዛቸውን ገልጦ የጀርባቸውን ጠባሳ አየ። ማዳመጫውን ከእምብርታቸው ዝቅ አድርጎ አኖረ። ቆይቶ እጄን ይዞ እዚያው ላይ አሳረፈው። ከመዳፌ ሥር ይነዝራል። ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ፣ ሳያቋርጥ፣ በልባቸው ምት ከፍ ዝቅ እያለ።

ለካ ዲስኩ የሚወጣው በጀርባ ይሁን እንጂ፣ ትልልቆቹ የደም ሥሮች ከአከርካሪው ፊት ተጠግተው ያልፋሉ። ከልብ የሚወርደው ዋናው ደም ቅዳ ለሁለት የሚከፈለው እምብርት አካባቢ ነው። ዲስክ በብዛት የሚጎዳውም እዚያው አጠገብ ነው። ዲስኩን የሚለቅመው ወረንጦ መሰል መሣሪያ ትንሽ ከጠለቀ የደም ሥር ይበሳል። በሽተኛው በሆዱ ስለሚተኛ ደሙ ወደ ውስጥ ይፈሳል እንጂ ብዙ ጊዜ በቁስሉ አይታይም። ጉዳቱ የሚታወቀው የደም ግፊት በድንገት ሲወርድ ነው። ያኔ ሆድ ተከፍቶ ቶሎ ካልተሰፋ ሰው ይሞታል።

የአባባ ሌላ ነው። ደም ቅዳውና ደም መልሱ አብረው ተበስተው እርስ በርስ ተገናኙ። ደሙ እግር ሳይደርስ በአቋራጭ ወደ ልብ ይመለሳል። እግር ያብጣል፤ ልብ ይደክማል።

እጅግ ብርቅ ጉዳት ነው፤ በጎበዝ ሐኪም እጅም ይደርሳል። በዚያ አልቆጭም። የሚቆጨኝ፣ በሕክምና ጽሑፍ ከ1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ሆኖ «እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ተመለሱ» ያለን አለመኖሩ ነው። አባባም ስለ ወገባቸው አላነሱም። ድኗላ!

አዲስ አበባ ሆዳቸው ተከፍቶ የደም ሥሩ ተጠገነ። በአምስተኛው ቀን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ልንካው?»

«ንኪው የኔ ልጅ።»

ከፋሻው ጎን መዳፌን ቀስ አድርጌ አሳረፍኩ። ትንፋሻቸው ብቻ ነበር።