ላስቲኩን ቅደዱት

ደብረ ብርሃን ውስጥ አልጋና ፍራሽ የሚሸጥ ቤት ነው የምሠራው። ሰው ቅሬታ ይዞ የሚመጣው በብዛት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፣ ሌሊት ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ጊዜ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዷን ላልቀመሰ ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት እናት መጡ። መስከረም ላይ ሜትር ከሃያ ፍራሽ ከኛ ገዝተዋል። ገና በሩ ላይ እንደቆሙ «ውሃ የጠጣ ፍራሽ ነው የሸጣችሁልኝ!» አሉ። ጋሼ፣ የሱቁ ባለቤት፣ «እትዬ፣ እኛ የሰጠንዎት ደረቅ ዕቃ ነው፤ ምናልባት ሕፃን ተኝቶበት ይሆናል» አሏቸው። ሴትየዋ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ ቤት ሕፃን የለም። ብቻዬን ነኝ።»

የጡረታ ብር አጠራቅመው ነው የገዙት፤ ሲገዙም እዚያው ነበርኩ። እንዲሁ መሸኘቱ አልዋጥ አለኝ። ጋሼን አስፈቅጄ አብሬያቸው ሄድኩ።

ቤታቸው ጠባሴ ነው። አልጋው የሰፈር አናጢ በባሕር ዛፍ ጣውላ የሠራው፣ ጠንካራ፣ ንቅንቅ የማይል ነው። ግን ርብራብ የለውም። ጣውላው ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ በምስማር ተመቷል፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ የለም። በአንድ ጎኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። መስኮቱም ለብርዱ ሲባል በጨርቅ ተወትፏል።

ፍራሹን በአንድ ጫፍ ብድግ ሳደርገው ነገሩ ገባኝ። ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ እንዳለ ነው! ሲገላበጡ እየተንኮሻኮሸ እንቅልፍ ሲነሳቸው የላዩን በምላጭ ቀደውታል፤ የጎኑንና የሥሩን ግን አልነኩትም። እጄን በላስቲኩና በፍራሹ መሀል ሳስገባ መዳፌ ረጥቦ ወጣ። ግድግዳው ጋ ያለው ጥግ ላይ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ጀምሯል።

ሰው ተኝቶም ያልበዋል። ብርድ አገር ነን ብላችሁ አትሸወዱ፤ እንዲያውም ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ ደርቦ የሚተኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ያወጣል። ያ እርጥበት በስፖንጁ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፣ የምጣድ አክንባሎ ከውስጥ እንደሚያልበው ማለት ነው። ከሥሩ አየር ቢኖር እያደረቀው ያድር ነበር። ላስቲክና ድፍን ጣውላ ሲሆን ግን መውጫ የለውም፣ እዚያው ይተኛል።

«ላስቲኩን ለምን ተዉት እትዬ?»

«እንዳይቆሽሽብኝ ነዋ ልጄ። ደግሞስ ስትሸጡልኝ ያውልቁት ያለኝ ማን አለ?»

ማንም አላላቸውም። የሸጠላቸው ልጅ ያላቸው «ላስቲኩ ከተቀደደ አንመልስም» ነው። የሱቁ ደንብ ነው፣ እሱ ምን ያድርግ። ግን ይህን የሰማ ሰው ላስቲኩን ቢንከባከብ ምን ይገርማል?

ላስቲኩን ገፈን ጣልነው። ፍራሹን በጎኑ አቁመን መስኮቱን ከፈትን። የፍራሹ ልብስ ዚፕ ስለነበረው ወልቆ ታጠበ። ደግነቱ ሻጋታው ከልብሱ አላለፈም፤ ስፖንጁ ውስጥ ከገባ ማስለቀቅ አይቻልም። አናጢውም ተጠርቶ መጣ፣ ሳያኮርፍ ጣውላውን ነቅሎ በመሀሉ አየር እየተወ መልሶ መታው። ክፍተቱ ከአራት ጣት ባይበልጥ ነው የሚሻለው፣ ከሰፋ ስፖንጁ እየሰመጠ ይጎደጉዳል። አልጋውንም ከግድግዳው ትንሽ አራቅነው። ወሩ መጨረሻ ላይ ስሄድ ፍራሹ ደረቅ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ የከሰል ምድጃም አይቻለሁ። መስኮት ወትፎ ከሰል ይዞ መተኛት ከፍራሽም ከሻጋታም በላይ ነው፣ ሰው ይገድላል። እሱን አጥብቄ ነገርኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አልጋው ነው። ርብራብ አለው? ወይስ መሬት ላይ ነው የሚነጠፈው? ሲሚንቶ ላይ ከሆነ ፍራሹ ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ ግድግዳ መደገፍ አለበት። ስፋቱንስ የለኩት ከውስጥ ነው ከውጭ? ብዙ ሰው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለክቶ ይመጣና ፍራሹ አልጋው ውስጥ አልገባ ብሎ ታጥፎ ያድራል።

ዴንሲቲ ሲባል ደግሞ በጽሑፉ ብቻ አትመኑ። ዴንሲቲ 30 ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ 30 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ስለዚህ ስፋቱ ሜትር ከሃያ፣ ርዝመቱ ሜትር ከዘጠና፣ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሙሉ ስፖንጅ ፍራሽ 14 ኪሎ ገደማ መሆን አለበት፣ ልብሱ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። 9 ወይም 10 ኪሎ ከሆነ ዴንሲቲው 20 አካባቢ ነው፣ የፈለገው ይጻፍበት። ሚዛን ላይ አውጡልኝ ማለት መብታችሁ ነው። «ኦርቶፔዲክ»፣ ለጀርባና ለአጥንት ይስማማል ለማለት የሚጻፈው ቃልም፣ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ሜሞሪ ፎም የሚባለውን፣ በሰውነት ሙቀት እየለሰለሰ የተኛበትን ሰው ቅርጽ የሚይዘውን ስፖንጅ፣ እዚህ አገር ስትገዙ አስቡበት። በብርድ ይደድራል። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ የሚለሰልሰው ያው ፍራሽ፣ እኛ ጋ ማታ ስትተኙበት ሰውነታችሁ እስኪያሞቀው ድረስ ጠንካራ ነው።

ከገዛችሁት በኋላ ብዙ ጣጣ የለውም። ጠዋት እንደተነሣችሁ ወዲያው አታንጥፉት፣ ገልጣችሁ ትንሽ ይናፈስ። በየሦስት ወሩ ራስጌውን ወደ ግርጌ አዙሩት። ፀሐይ ላይ የሚሰጣው ልብሱ ነው፤ ራቁቱን ስፖንጅ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ካዋላችሁት ቢጫ ይሆንና መፈርፈር ይጀምራል።

ስለ ላስቲኩ ከጋሼ ጋር ገና አልተስማማንም። አሁን ለገዢ ሁሉ «ቤት እንደገባ ይውለቅ» እንላለን፣ እዚህ ድረስ ፈቅደዋል። እኔ የምለው ግን ማሳያው ላይ ያለው አንዱ እንኳ ይገፈፍ ነው፤ ሰው ጫማውን አውልቆ በጀርባውም በጎኑም አሥር ደቂቃ ይተኛበት። ጋሼ «አቧራ ይይዘዋል፣ ማን ይገዛዋል?» ይላሉ። አንሶላ አንጥፌበት በየሳምንቱ ራሴ አጥባለሁ ብያቸዋለሁ። እስካሁን እሺም እንቢም አላሉኝም።