ደሙ ሳይቆም የሚዋጥ ብረት

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከቅዳሜ ገበያ ወደ ቤቴ የሚያወጣውን ዳገት ሦስት ጊዜ እየቆምሁ ጨረስሁት፤ የተሸከምሁት ግን ሁለት ኪሎ ሽንኩርትና ጥቂት አብሽ ብቻ ነበር። እናቴ በሩን ስትከፍት «ልጄ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለችኝ። በሳምንቱ ስመረመር ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም በደሜ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር፣ 8.1 ሆኖ ተገኘ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ዝቅተኛው ልክ 12 ነው፤ ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስለሆነችና በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ስለሚያስፈልገው፣ የእኛ ልክ ከዚያም ከፍ ይላል።

ደም ማነስ አለብሽ ስባል የመጀመሪያዬ አልነበረም። በአንድ ክሊኒክ ሦስት ዓመት ሙሉ የብረት ክኒን እየታዘዘልኝ ስመላለስ፣ ደሙ የት እንደሚሄድ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርሁም። የወር አበባ በእኛ ቤት በሹክሹክታ የሚነገር ነገር ስለሆነ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን በየሰዓቱ ሞዴስ መቀየሬን፣ ሌሊት የታጠፈ ፎጣ አንጥፌ መተኛቴን፣ የሚወርደው የረጋ ደምም አንዳንዴ የአንድ ብር ሳንቲም ማከሉን የሴት ሁሉ ዕጣ አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ዝምታውን የሰበረልኝ ያልጠበቅሁት ነገር ነው። ሕንድ አገር ተምራ የተመለሰች የሥራ ባልደረባዬ አዩርቬዳ ስለሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና የጻፈችልኝን ሁለት ገጽና አንድ ብልቃጥ እንክብል ይዛልኝ መጣች። በዚያ ትውፊት የበዛ የወር አበባ «አስሪግዳራ» ሲባል፣ የደም ማነስ ደግሞ ከመገርጣት የተነሣ «ፓንዱ» ይባላል። ሁለቱ በየራሳቸው ስም የሚጠሩና በየራሳቸው መንገድ የሚታከሙ ሕመሞች ናቸው። ሙቀት ነው የሚሉት «ፒታ» ሲበዛ ደምን ያበላሻል ብለው ያስተምራሉ፤ ይህን ማብራሪያ ባልቀበለውም፣ ክፍፍሉ ግን ዓይኔን ገለጠልኝ። ለካ እኔ ሁለት ሥራ ኖሮብኝ አንዱን ብቻ ስሠራ ነበር የኖርሁት።

ለደሙ የሚያዝዙት በዋናነት አሾካ የተባለውን ዛፍ ቅርፊት በወተት አፍልቶ መጠጣትን ነው። በብዙ ሴቶች ላይ በጥንቃቄ ተፈትኖ የተረጋገጠ ማስረጃ ስለሌለው አልሞከርሁትም። ሚጥሚጣና በርበሬ ፒታን ስለሚያስነሡ ይቅሩ የሚል ምክርም ነበረበት፤ ይህን ለጎንደር ሰው መናገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው።

ለገረጣው ፊት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሚያዘጋጁት «ናቫያሳ» የተባለ ዱቄት አላቸው። ዘጠኝ ዕፅዋት በእኩል መጠን ይፈጩና ከዘጠኙ ድምር ጋር እኩል የሆነ የብረት ዱቄት ይጨመርበታል። ከዘጠኙ ውስጥ ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና የእኛን ጥምዝ የሚመስል ቅመም እንዳሉበት ሳነብ የእናቴ የቅመም መደርደሪያ ትዝ አለኝ። ሕመሙ ብረት እንደሚሻ ያን ያህል ቀድመው መረዳታቸው ያስደንቃል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተሸጡ 193 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኝቶባቸዋል፤ ማዕድን ሆን ተብሎ በሚጨመርባቸው ዓይነቶች ደግሞ ድርሻው ወደ አርባ በመቶ ከፍ ብሏል። እርሳስ ሰውነት ሄሞግሎቢን እንዳይሠራ የሚያግድ መርዝ ነው፤ ስለዚህ ለደም ማነስ የተዋጠው እንክብል ራሱ ደም ማነስን ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ብልቃጡ ላይ የአምራች ስምም ሆነ የምርት ቁጥር አልነበረበትም። ባልደረባዬን አመስግኜ መለስሁላት።

ከገጾቹ ያስቀረሁት ስለ ምግብ የተጻፈውን ነው። ሕንዶቹ ከብረት ጋር የሚሰጡት አምላ የተባለ ኮምጣጣ ፍሬ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ሲሆን፣ ይህ ቫይታሚን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት አንጀት በቀላሉ እንዲቀበለው ያደርጋል። አምላ ጎንደር ገበያ ባይኖርም ሎሚና ቃሪያ ግን አይታጡም። በጾም ቀን ሽሮው አጠገብ የሚቀርበው ስንግ፣ በርበሬ ተው የሚለውን ምክር ቢያፈርስም፣ ለብረቱ ግን ይበጃል። ጤፋችንን በተመለከተ እንደምንመካበት አይደለም፤ ከሚለካበት ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ስለሆነ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። የሊጡ መቡካት ግን ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል።

እኔን ያስጨነቀኝ ቡናው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ አንድ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ ለክቷል። ቡናው ምግቡ ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ጉዳቱ ያው ሆኖ ሲገኝ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ግን ምንም አልቀነሰም። ምሳ ተነሥቶ ጀበና የሚጣድበት የእኛ ልማድ በትክክል መጥፎው ሰዓት ላይ ይውላል።

ደሙን በተመለከተ ወደ ማህፀን ሐኪም ሄጄ፣ ሞዴስ በቀን ስንት እንደምቀይር በመጨረሻ ተጠየቅሁ። በአልትራሳውንድ ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን እጢ፣ ተገኘ። ደም በሚበዛባቸው ቀናት የምወስደው፣ የደም መፍሰስን የሚቀንስ ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ የብረት ክኒኑም በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ አንድ ቀን እየተዘለለ እንዲሆን ተደረገ፤ ሰውነት አንድ ጊዜ ብረት ከተቀበለ በኋላ ቀጣዩን መጠን ለጥቂት ጊዜ ስለሚገፋው በአንድ ቀን ልዩነት የተወሰደው በተሻለ ይመጠጣል። በአምስተኛው ወር 11.9 ደረስሁ። ደስ ብሎኝ ስነግራት ሐኪሟ «ለጎንደር ገና ነው» ብላ ክኒኑን አራዘመችው፤ የማዮማው ነገር ደግሞ ለመስከረም ተቀጥሯል።

እናቴ ቡናን ከምሳ በፊት ማፍላት እንግዳ ነገር ሆኖባት «ሆዳችን ባዶ ሳለ?» እያለች ስትከራከር ከረመች። አሁን ግን አምስት ሰዓት ላይ የእኔን ስኒ ለብቻው ትቀዳልኛለች፤ ጎረቤቶቻችን የሚጠሩት ግን እንደ ወትሮው ከምሳ በኋላ ነው።