«ሥርዓተ ፀሐይ» በ96 ዓይነት አጻጻፍ

የ6ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሁለተኛው ሴሚስተር እንደተጀመረ፣ የሦስት ክፍል ወረቀት እያመሸሁ ማረም ስለከበደኝ በኢንተርኔት በነፃ ከሚገኙ የፈተና ማዘጋጃዎች በአንዱ 10 ጥያቄ ያለው አጭር ፈተና አወጣሁ። ከጥያቄዎቹ አራቱ ተማሪው መልሱን ራሱ የሚጽፍባቸው ነበሩ፤ ፈተናው ምርጫ ብቻ ሲሆን ልጆች መገመት ይለምዳሉ የሚል እምነት አለኝ፤ እስከ ዛሬም አልለወጥኩትም። ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ ከተሞላለት ፕሮግራሙ ራሱ ያርማል፤ ተማሪው መልሱን እንደላከም ውጤቱን ያሳየዋል። ክፍሎቹ ወደ ኮምፒውተር ክፍል የሚገቡት በተራ ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ለሚቀጥሉት እንዳይነግሩ ብዬ ትክክለኛውን መልስ ደበቅኩና «ልክ» ወይም «ስህተት» የሚለው ምልክት ብቻ እንዲታይ አደረግኩ። ኋላ ክፉኛ የቆጨኝ ይህ ውሳኔዬ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ደብተር ሳይ ከጎበዞቹ አንዷ የሆነች ተማሪዬ ደብተር ላይ ዓይኔ ቀረ። ከሰሌዳ የገለበጠችው ማስታወሻ ላይ «ፀሐይና በዙሪያዋ የሚሽከረከሩ አካላት በአንድነት ስርአተ ፀሀይ ይባላሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በደንብ ተጽፎ ነበር። «ስርአተ ፀሀይ» የሚለው ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ከላዩ «ጋላክሲ» ተብሏል። ለምን እንደሰረዘችው ስጠይቃት፣ «ቲቸር፣ ፈተናው ላይ ኤክስ ሆነብኝ፤ ስገለብጥ ተሳስቼ መስሎኝ ነው» አለችኝ።

ኮምፒውተሬን ከፍቼ መልሶቹን አንድ በአንድ አየሁ። የሞላሁት መልስ «ሥርዓተ ፀሐይ» የሚል ነበር። በዚያች ልጅ ክፍል ካሉት 41 ተማሪዎች መካከል ፕሮግራሙ ልክ ያለው የሦስቱን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ «ስርዓተ ጸሀይ»፣ «ሥርአተ ፀሃይ»፣ «ስርኣተ ጸሐይ» እያሉ ጽፈዋል። እኛ ስናነባቸው ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት በጋራ በሚጠቀሙበት የቁጥር ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ንጉሡ ሠ 4640፣ እሳቱ ሰ 4656፣ ጸሎቱ ጸ 4920፣ ፀሐዩ ፀ ደግሞ 4928 ነው። ፕሮግራሙ የሚያስተያየው እነዚህን ቁጥሮች በመሆኑ፣ አንዱ ከተለየ መልሱ በሙሉ ስህተት ይሆናል። ወረቀት ይዤ ብቆጥር፣ ሥ በሁለት፣ ዓ በአራት፣ ፀ በሁለት፣ ሐ በስድስት መንገድ ሊጻፉ ስለሚችሉ፣ ይህ አንድ መልስ ብቻውን 96 ዓይነት አጻጻፍ አለው። ልጆቹም የጻፉት እጃቸው የቀናውን ነው፤ ብዙ የአማርኛ መተየቢያዎች ላይ ስ በአንድ ቁልፍ ስትመጣ ሥ ተጨማሪ ቁልፍ ትጠይቃለች፤ የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ሰዓት እየሮጠበት ቁልፍ ሲፈልግ አይቆይም።

«ብርሃን አስተፃምሮ» የሚለው መልስም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ኦክስጅን ደግሞ ኦክሲጅን፣ ኦክስጂን፣ ኦክሲጂን ተብሎ መጥቷል፤ እርሱ ግን የሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላት ጉዳይ ሳይሆን የውጭ ቃል ስለሆነ ነው።

ነገሩን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳነሳ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው የአማርኛ መምህር ፕሮግራሙን ደገፉ። «ሠዐለ ሥዕል ሳለ ማለት ነው፤ ሰአለ ደግሞ ለመነ ማለት ነው። ፊደሉን ካልጠበቁ ትርጉሙን በምን ይለዩታል? ማሽኑ እኛ የተውነውን ሥራ ሠራልን» አሉኝ። የተናገሩት እውነት መሆኑን አምናለሁ፤ ልጆቹ የቃላቱን ሥር አውቀው ቢጽፉ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን የእኔ ፈተና የሚጠይቀው ፀሐይና በዙሪያዋ የሚሽከረከሩ አካላት በአንድነት ምን እንደሚባሉ እንጂ ሥርዓት በንጉሡ ሠ መጻፉን አልነበረም፤ ለዚህኛው ደግሞ በእኔ ክፍል ያስተማራቸው የለም። ያልተማሩትን ለክቼ፣ የተማሩትን አላወቃችሁም ብያቸዋለሁ። ጋሼም ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ «እንግዲያው የሳይንሱን ነጥብ ስጣቸው፤ ፊደሉን እኔ እይዛቸዋለሁ» አሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ሞክሼ ፊደላትን ለብቻ አስተማሯቸው።

እኔም መልሶቹን ወደ ኤክሴል አውርጄ፣ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ በየሰባቱ ሆሄ ተካሁ፤ እንደ ሀና ሃ፣ አና ኣ ያሉ በድምፅ የማይለያዩትንም ሰበሰብኳቸው፤ የሞላሁትን መልስም በዚያው መንገድ ለወጥኩ። አንዳንዱ ልጅ ከቃሉ ኋላ የተዋትን ባዶ ቦታም አጠፋሁ። በዚያ ክፍል ልክ የሆኑት ከሦስት ወደ 33 ከፍ አሉ። የቀሩትን ስምንቱን በዓይኔ ሳያቸው ስድስቱ በእርግጥ የተሳሳቱ ነበሩ፤ ሁለቱ ደግሞ ሁለቱን ቃላት አጣብቀው በመጻፋቸው ብቻ የወደቁ ስለነበሩ ነጥባቸውን ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ የሚጽፉት መልስ ባለበት ፈተና ሁሉ ውጤቱ ወዲያው እንዳይታይ አድርጌ፣ እኔ ካየሁት በኋላ ነው የምለቀው። ለማረም ያሰብኩትን ያህል ጊዜ አላተረፍኩም፤ ሆኖም ከወረቀቱ አሁንም ይሻላል፣ የትኛው ጥያቄ ስንቱን እንዳሳሳተ በአንድ እይታ ያሳየኛልና።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ስህተቱ የእኔ እንደነበረ ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኳቸው። «ሥርዓተ ፀሐይ»ን በሰሌዳው ላይ በአራት ዓይነት ጽፌ አንድ በአንድ እንዲያነቡልኝ አደረግኩ፤ አራቱንም ጊዜ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ያንኑ ቃል አነበበ። ያቺ ልጅ ደብተሯን አወጣች። የተሰረዘው በእስክሪብቶ ስለነበር ማጥፋት አልቻለችም፤ «ጋላክሲ» የሚለው ላይ አንድ መስመር አስምራ፣ በኅዳጉ ላይ በትንንሽ ፊደላት «የመጀመሪያው ልክ ነበር» ብላ ጻፈች።