ለቀባሪው ማርዳት፦ የአየር ንብረት ቅስቀሳ በማስቶዶን

ኢሎን መስክ ትዊተርን በእጁ ያስገባው ኦክቶበር 27 ቀን 2022 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቧቸው)። ከዚያ በፊት ስለ አካባቢ ጥበቃ ዘወትር ይጽፉ የነበሩ ወደ 380,000 አካውንቶችን የተከታተለ ጥናት በ2023 ታትሞ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ መጻፋቸውን አላቋረጡም የተባሉት 52.5 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ግማሽ ያህሉ ወይ ዝም ብሏል፣ ወይ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል።

እንደ ትዊተር አጫጭር ጽሑፍ የሚለጠፍበት ማኅበራዊ ኔትወርክ ማስቶዶን ነው፤ እዚያ የገባ ተሟጋች የመጀመሪያ ሳምንቱ ደስ ይላል። ማስታወቂያ የለም፣ ተሳዳቢው ጥቂት ነው፣ የጻፈውን ቡስት የሚያደርግለት (ለራሱ ተከታዮች መልሶ የሚያጋራለት) አያጣም። ቅር የሚለው ነገር የሚገለጥለት ዘግይቶ ነው፤ ቡስት አድራጊው ሁሉ ቀድሞ ያመነ ሰው ነው። የከሰል ማመንጫ ይዘጋ ብሎ እዚያ መጻፍ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ይህን ስል ኔትወርኩን ማጣጣሌ አይደለም። ለቀባሪም ሥራ ሞልቷል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይሰበሰባል፣ ለቀስተኛ ይስተናገዳል። ማስቶዶንን እንደ ዕድር ቤት የያዘ ዘመቻ ይጠቀምበታል። እንደ አደባባይ መስበኪያ የያዘው ግን ዓመት ሙሉ ደክሞ አንድም የሚያመነታ ሰው ሳያገኝ ይቀራል።

ማሳመን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ሥራ አለ። ጆሹዋ ካላ እና ዴቪድ ብሩክማን የተባሉት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጽሑፍ 49 የመስክ ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረዋል። በአሜሪካ ጠቅላላ ምርጫዎች በፖስታ፣ በስልክም ሆነ በር ለበር የሚደረግ ቅስቀሳ የመራጩን ምርጫ በማስቀየር ረገድ አማካይ ውጤቱ ዜሮ ነው አሉ። ዜሮ፤ ትንሽ እንኳ አይደለም። እነዚሁ ሰዎች ግን በ2016 ከማያሚ ሌላ ውጤት አምጥተው ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል የፈጀ የደጃፍ ውይይት፣ ጾታቸውን ስለቀየሩ ሰዎች የነበረን አመለካከት ቢያንስ ለሦስት ወር ለውጦ ቆይቷል። ልዩነቱ ያለው አነጋገሩ ላይ ነው።

አነጋገሩ እንዲህ ነው። ቀስቃሹ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ የሰውየውን አቋም ከ0 እስከ 10 ባለ መለኪያ ይጠይቃል። «አራት» ከተባለ «ለምን አራት አሉ?» ብሎ ዝም ይላል። ይሰማል፤ ቁጥር አይደረድርም። ቀጥሎ ከሚወደው ሰው ሕይወት አንድ ነገር ያወጋል፤ በሰደድ እሳት ጭስ አስሟ የተነሳባት አክስቱ ልትሆን ትችላለች። ከዚያ «እርስዎስ ቤት?» ይላል። መጨረሻ ላይ ያንኑ የ0–10 ጥያቄ ይደግማል። ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት «ሥራችንስ ምን ይሁን?» ሲል ነው። ያልሠለጠነ ቀስቃሽ ወዲያው ስለ ፀሐይ ኃይል የሥራ ዕድል ማስረዳት ይጀምራል፤ ወጉ ክርክር ይሆናል፤ በክርክር የተሸነፈ ሰው ደግሞ አቋሙን አይለቅም፣ በሩን ብቻ ይዘጋል።

ዘዴው ለአየር ንብረትም ተሞክሯል። ትሬይል የምትባለው የካናዳ ከተማ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ናት፤ የብዙ ነዋሪዎቿ እንጀራ ከአንድ ትልቅ የእርሳስና የዚንክ ማቅለጫ ፋብሪካ ነው። ለአረንጓዴ ፖለቲካ ትመቻለች የሚል አልነበረም። ተሟጋቾች በዚህ ዘዴ በር ለበር ከዞሩ በኋላ የከተማዋ ምክር ቤት በ2022፣ እስከ 2050 ሙሉ በሙሉ ወደ ታዳሽ ኃይል ለመሸጋገር ወሰነ።

ይህን ሥራ የአንድ ማስቶዶን ፖስት ወሰን የሆነው 500 ፊደል አይሸከምም። 500 ፊደል የሚሸከመው ቀስቃሹን መመልመል፣ ማሠልጠኛውን ማስታወቅ፣ የዕለቱን ሰነድ ማዳረስ ነው። በክፍያ የማዳረሱ መንገድም አውሮፓ ውስጥ ጠቧል። ሜታ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረትን የፖለቲካ ማስታወቂያ ግልጽነት ደንብ ምክንያት አድርጎ፣ በፌስቡክና በኢንስታግራም የፖለቲካ፣ የምርጫና «የማኅበራዊ ጉዳይ» ማስታወቂያ መቀበሉን አቁሟል። የአካባቢ ፖለቲካ ደግሞ እሱ በሚጠቀምበት አመዳደብ ማኅበራዊ ጉዳይ ነው። በከፈልነው ልክ ይታይልናል ብሎ በጀት የያዘ ማኅበር በጀቱን ለሰው ማሠልጠኛ ቢያዞረው ይሻለዋል።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ማስቶዶን በ2016 ኦይገን ሮችኮ በተባለ ጀርመናዊ ገንቢ የተጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ኔትወርኩ የአንድ ድርጅት ንብረት አይደለም፤ እርስ በርስ የሚነጋገሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ናቸው። የሚነጋገሩበት አክቲቪቲፐብ የተባለ ስምምነት በጃንዋሪ 2018 የድር መስፈርት ሆኖ ጸድቋል። አድራሻችሁ እንደ ኢሜይል ሁለት ክፍል አለው፤ ስምና ሰርቨር። ሰርቨር ስትመርጡ ስሙን ሳይሆን «ስለ» የሚለውን ገጽ አንብቡ፦ ስንት አስተዳዳሪ አለው? ወጪውን ማን ይሸፍናል? ከየትኞቹ ሰርቨሮች ጋር ግንኙነት አቋርጧል? አስተዳዳሪው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው የታመመ ዕለት ዘመቻችሁም አልጋ ይይዛል።

ለእያንዳንዱ ሰው ፖስት እየመረጠ የሚያቀርብ አልጎሪዝም ስለሌለ፣ ፖስቶቻችሁን በዋናነት የሚያደርሱላችሁ ተከታዮች፣ ቡስትና ሀሽታግ ናቸው። ፖስት በጽሑፉ ይዘት ተፈልጎ የሚገኘው ጸሐፊው ፈቃዱን በሴቲንግ ውስጥ ከሰጠ ነው (ይህ ከ2023ቱ 4.2 ስሪት ጀምሮ ነው)፤ አዲስ አካውንት ስትከፍቱ ያን ምልክት ማብራት አትርሱ፣ ብዙ ማኅበራት ረስተውት ለወራት የማይገኙ ሆነው ይቀራሉ። ሀሽታግ በፖስት ሁለት ሦስት ይበቃል።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን የራሱ ጣጣ አለው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ቃላቱን ለመለየት የግርጌ መስመር እንጠቀማለን፤ #የአየር_ንብረት ብሎ መጻፍ ይሠራል፣ በክፍተት ከጻፋችሁት ግን «የአየር» ላይ ይቆረጣል። ከዚህ የባሰው ሞክሼ ፊደል ነው። #ፀሐይ፣ #ጸሐይ፣ #ፀሀይ፣ #ጸሀይ፣ #ፀሃይ፣ #ጸሃይ ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ለሰርቨሩ ስድስት የተለያዩ ሀሽታጎች ናቸው። ስለ ፀሐይ ኃይል የሚጽፉ አምስት ሰዎች አምስት የተለያየ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ሲያወሩ ሊከርሙ ይችላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንዱን መርጣችሁ በፕሮፋይላችሁ ላይ ጻፉት፣ ሁሉም እሱን ይቅዳ። የፖስቱን ቋንቋም «አማርኛ» አድርጉ፤ እንግሊዝኛ ተብሎ ከቀረ፣ ሰዎች በቋንቋ ሲያጣሩ የት እንደገባ አይታወቅም። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ አለ፤ አንድ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ 500 ፊደል በአማርኛ ከእንግሊዝኛው በጣም ሰፊ ነው። ሊንክ የቱንም ያህል ቢረዝም 23 ሆኖ ይቆጠራል።

ፎቶ ስትለጥፉ መግለጫ ጻፉለት። እስከ 1,500 ፊደል ይፈቀዳል፤ መግለጫ የሌለውን ምስል ቡስት የማያደርጉ ሰዎች እዚያ ብዙ ናቸው፣ ለማየት የተሳናቸው ሰዎች በስክሪን አንባቢ የሚሰሙት እሱን ነውና ልክ ናቸው። የሙቀት ግራፍ ከሆነ «ግራፍ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው፣ መስመሩ ወዴት እንደሄደ፣ የመጨረሻው ነጥብ ስንት እንደሆነ ተናገሩ።

አሁን ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚጎዳበት ነገር። ሊንክ ስትለጥፉ የተከታዮቻችሁ ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው የገጹን ቅድመ እይታ ለየራሳቸው ይጎትታሉ። ተከታዮቻችሁ በ800 ሰርቨር ላይ ቢበተኑ፣ 800 ጥያቄ በደቂቃ ገደማ ውስጥ ወደ ድረ ገጻችሁ ይደርሳል። ታዋቂ አካውንት ቡስት ካደረገው ደግሞ ሺዎች ይሆናል። ገጹን በተጠየቀ ቁጥር ከዳታቤዝ የሚቀምር ርካሽ ሆስቲንግ ይወድቃል፤ ሰው ፊርማ ሊሰጥ ሲመጣ የሚያገኘው የስሕተት ገጽ ነው። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት የካሽ ፕለጊን (አንዴ የተሠራን ገጽ አስቀምጦ መልሶ የሚሰጥ ተጨማሪ ፕሮግራም) አብሩ፣ ገጹን አንድ ጊዜ ራሳችሁ ክፈቱና ካሽ ውስጥ ይግባ። ለዋና ዘመቻ ቀን ተራ የማይለዋወጥ ገጽ ማዘጋጀት ከሁሉ ይሻላል።

የግል መልእክት ስለሚባለው ነገር። በማስቶዶን የግል መልእክት ማለት የተጠቀሱት ሰዎች ብቻ የሚያዩት ፖስት ነው። አልተመሰጠረም፤ የላኪውም የተቀባዩም ሰርቨር አስተዳዳሪ ማንበብ ይችላል። በዚያ ላይ «እከሌን አትመኑት» ስትሉ የእከሌን ሙሉ አድራሻ ከጻፋችሁ፣ እከሌ መልእክቱ ይደርሰዋል። የሰልፉ ቀንና ቦታ በግልጽ ይለጠፍ፤ ሌላው ሁሉ ሲግናል በተባለው የተመሰጠረ የመልእክት መተግበሪያ ይሁን።

ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ የኮሌክቲቫን ጉዳይ ይመልከት። ኮሌክቲቫ.ሶሻል የተሟጋቾችና የአናርኪስቶች የማስቶዶን ሰርቨር ነው። በሜይ 2023 ከአስተዳዳሪዎቹ የአንዱ ቤት ከሰርቨሩ ጋር ባልተያያዘ ጉዳይ በኤፍቢአይ ተፈተሸ። በዚያን ጊዜ ሰውየው ብልሽት እየጠገነ ስለነበር ያልተመሰጠረ የዳታቤዝ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ቤቱ ውስጥ ነበር። ከሌላው ዕቃ ጋር ተወሰደ፤ የተጠቃሚዎች ኢሜይልና የግል መልእክት ጭምር። ማንም ኮሌክቲቫን አልከሰሰም፣ ማንም ሰርቨሩን ሰብሮ አልገባም። ባክአፕ ሁልጊዜ ተመስጥሮ ይቀመጥ፣ ለጥገና ሲባልም በማንም የግል ላፕቶፕ ላይ አይውረድ።

ሁለተኛው አደጋ የዶሜይን (የድር አድራሻ ስም) ሞት ነው። ኩዊር.ኤኤፍ የተባለው ሰርቨር አድራሻው በአፍጋኒስታን የአገር ዶሜይን ላይ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2024 የታሊባን አስተዳደር አገደው። ማስቶዶን ላይ ወደ ሌላ ሰርቨር ስትዘዋወሩ ተከታዮቻችሁ አብረው ይመጣሉ፣ ግን አሮጌው ሰርቨር በሕይወት እያለ ብቻ ነው። አካሄዱ ይህ ነው፦ አዲሱ አካውንት ላይ የአሮጌውን አድራሻ እንደ ተለዋጭ ስም አስመዝግቡ፣ ከዚያ አሮጌው ላይ ገብታችሁ «ወደ ሌላ አካውንት ተዛወር» የሚለውን በፓስወርድ አጽድቁ። ፖስቶቻችሁ አይመጡም። የምትከተሏቸውንና ያገዳችኋቸውን ሰዎች ዝርዝር በሲኤስቪ ፋይል አውርዳችሁ ራሳችሁ ታስገባላችሁ። ከአንድ ዝውውር በኋላ ሌላ ለመድገም 30 ቀን ትጠብቃላችሁ። ያን ፋይል በየወሩ መጀመሪያ ማውረድ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«ታዲያ የራሳችንን ሰርቨር እንክፈት» የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። በ4 ጊጋ ባይት ራም ለመቶ ሰው ይበቃል፤ ዲስኩ ግን በማታስቡት ፍጥነት ይሞላል፣ ምክንያቱም ከሌሎች ሰርቨሮች የሚመጣው ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ እናንተ ጋ ይቀዳል። በአስተዳዳሪው ገጽ ከሰባት ቀን በላይ የቆየ የውጭ ሚዲያ እንዲጠፋ አድርጉ። ዲስክ ሲሞላ ዳታቤዙ ይቆማል፣ ይህም የሚሆነው ሁሌ በሰልፍ ቀን ነው የሚመስለው። ዶሜይኑ በማኅበሩ ስም ይመዝገብ፣ ቁልፉን ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዝ። ለመቶ ሰው የሚያስተዳድር ከሌላችሁ ሌሎች በሚያስተዳድሩት ላይ ተጠግታችሁ በየወሩ መዋጮ ላኩ።

«የተበተነ ኔትወርክ አይዘጋም» የሚለውም አባባል ወሰን አለው። በፌብሩዋሪ 2023 ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲዘጉ እንደታየው፣ መንግሥት ዶሜይን ማገድ አያቅተውም፤ የማስቶዶን ሰርቨርም ዶሜይን ነው። ቪፒኤን እዚህም ያስፈልጋል።

ሌላው የትዊተር አማራጭ ብሉስካይ በአጭሩ፦ የአንድ ፖስት ወሰኑ 300 ፊደል ነው፣ ጋዜጠኞች እዚያ ይበዛሉ፣ እስከ 150 አካውንት የሚይዝ የማስጀመሪያ ዝርዝር አለው። የአካባቢያችሁን ሳይንቲስቶችና ማኅበራት በአንድ ዝርዝር ሰብስቡ፤ አዲስ ሰው በአንድ ንክኪ ሁሉንም ይከተላል። የማኅበሩን ዶሜይን እንደ ስም መጠቀምም ይቻላል፤ በዲኤንኤስ (የዶሜይኑ መዝገብ) ገጹ አንድ የቴክስት መስመር መጨመር ነው። የማይሠራ ከሆነ፣ አስመዝጋቢው ዶሜይኑን ራሱ በመጨረሻ እየቀጠለበት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይሆናልና እሱን እዩ። አብዛኛው አካውንት አሁንም በኩባንያው ማሽን ላይ ስለሆነ ያልተማከለ መሆኑ ገና ብዙ ይቀረዋል።

የበር ለበር ቀስቃሾች መመልመያው ፖስት ላይ «አጋሩ» አይጻፍ፤ ያጋራል፣ ቤቱ ይቀራል። ሰፈሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ሰው እንደጎደለ ጻፉ፦ «ቅዳሜ በ10 ሰዓት፣ ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ ባሉት ሕንጻዎች፣ ስድስት ሰው ይጎድለናል፤ የአንድ ሰዓት ሥልጠና አለ»። ቅጹ በራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ ይሁን፣ ስም፣ ኢሜይልና የሰፈር የፖስታ ቁጥር ብቻ ይጠይቅ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ፤ አንዱ ያወራል፣ ሌላው በወረቀት ላይ ከ0–10 የተሰጠውን የመጀመሪያውን ቁጥርና የመጨረሻውን ቁጥር ይጽፋል። የባለቤቱ ስም አይጻፍም።